በአሜሪካ የአንድን ሰፈር ሕዝብ በዘር ከፋፍሎ ማወቅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስንት ጥቁር፣ ስንት ነጭ፣ ስንት እስያዊ ይኖራል? ይህን ለማወቅ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ ፈቃድ የሚጠይቅም የለም። መረጃውን የሚሰበስበው የአሜሪካ ሴንሰስ (የሕዝብ ቆጠራ) ቢሮ ነው። ዳታ ዶት ሴንሰስ ዶት ገቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የሚያስቸግረው የቁጥሩ መብዛት ነው። ለአንድ ሰፈር ሦስት አራት ዓይነት ቁጥር ይመጣል፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ጋ «ዘር» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ብሔር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ቆጠራም የጠየቀው ብሔረሰብን ነበር። የአሜሪካው ሌላ ነው። በ2020 ቆጠራ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰንጠረዦቹ ስድስት ክፍል አላቸው፦ ነጭ፣ ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦች፣ እስያዊ፣ የሃዋይና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ፣ እና «ሌላ ዘር»። ምልክቱን የሚያደርገው ራሱ ባለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ ቅጹን የሚሞላው ሰው ነው። ከ2000 ወዲህ ከአንድ በላይ መምረጥም ይቻላል።

ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ መሆን (የዘር ሐረጉ ከላቲን አሜሪካ ወይም ከስፔን መሆን) ግን በዚህ ቅጽ ዘር አይደለም፤ ለብቻው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቢ02001 በተባለው የዘር ሰንጠረዥ «ነጭ» ከተባሉት መካከል ላቲኖዎችም አሉ። እነሱን ለይቶ የሚያሳየው ቢ03002 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ሲያስተያይ ቁጥሩ አልገጥም የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹ የሚመጡት ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሚካሄደው ሙሉ ቆጠራ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ይባላል። በዓመት ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች የሚደርስ የናሙና ጥናት ነው። 65,000 ሰውና ከዚያ በላይ ላለው ቦታ የአንድ ዓመት ግምት ይወጣለታል። ከዚያ ያነሰ ሰፈር የአምስት ዓመቱን ድምር መጠበቅ አለበት። ሦስተኛው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየደመረና እየቀነሰ በየዓመቱ የሚሰላ ግምት ነው። ይህኛው ዘርን የሚያሳየው እስከ ካውንቲ (በክፍለ ግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) ድረስ ብቻ ነው።

ናሙና ሲሆን ከቁጥሩ ጎን የስህተት ህዳግ ይጻፋል። እንበል በአንድ ሰፈር 400 ጥቁር ነዋሪ ተብሎ፣ ህዳጉ 250 ከሆነ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ150 እስከ 650 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ለስብሰባ መቅረብ አደጋ አለው። በእኔ እምነት ጎረቤት የሆኑ ትራክቶችን መደመር ይሻላል። ትራክት በአማካይ ወደ 4,000 ሰው የሚይዝ የቆጠራ ክልል ነው።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንመለስ። የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ አይደለም። ቢሮው ለቆጠራ ብሎ ድንበር ያሰመረለት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። በ2020 በዚህ ድንበር ውስጥ 81,015 ሰው ተቆጥሯል። ፖስታ ቤቱ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው አካባቢ ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። ሰሜን ራቅ ብሎ የሚኖር ሐበሻ በደብዳቤው ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነው፣ በሰንጠረዡ ግን አይደለም። ለአማርኛ አስተርጓሚ ወይም ለትምህርት ቤት አገልግሎት ቁጥር የሚፈልግ ማኅበር ይህን ካላየ የራሱን ሰው አሳንሶ ያቀርባል።

ማሳነሱ ደግሞ ከቆጠራው ራሱ ሊጀምር ይችላል። ቢሮው ከ2020 ቆጠራ በኋላ ባደረገው ማጣሪያ ጥቁሮች 3.30 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች 4.99 በመቶ አንሰው መቆጠራቸውን አረጋግጧል። ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች በአንጻሩ 1.64 በመቶ በዝተው ተቆጥረዋል። ሌላም አለ። የግለሰብ ምስጢር እንዳይወጣ በትንንሾቹ ቦታዎች ቁጥር ላይ ሆን ተብሎ መጠነኛ ለውጥ ይደረጋል። የክፍለ ግዛት ጠቅላላ ሕዝብ ብዛት አይነካም፤ የአንድ ብሎክ (የመጨረሻው ትንሹ የቆጠራ ክልል) ቁጥር ብቻውን ግን አይታመንም።

ኢትዮጵያውያንን ለይቶ ለማየት ቢ05006 የትውልድ አገርን ያሳያል። ሜሪላንድ የተወለዱት ልጆቻችን ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ቢ04006 የትውልድ ሐረግን ስለሚጠይቅ እነሱንም ሊይዝ ይችላል። በ2020 ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ተጨመረ። «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር ባዶ መስመር መጣ፤ በምሳሌነት ከተጻፉት ስሞች አንዱም «ኢትዮጵያዊ» ነበር። የአሞላል መመሪያውም በአማርኛና በትግርኛ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ መስመር የተገኘው ዝርዝር በ2023 ወጣ፤ በመላው አሜሪካ ከ300,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ተመዝግቧል። ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ መስመሩን ባዶ የተወ ሐበሻ ከጥቁሮች ጋር ተቆጥሯል፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ግን አልተቆጠረም።