የቤት ውስጥ ንግድና የኦንላይን ስሙ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከጓዳ የሚነሳ ንግድ ብዙ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ፈትሉ፣ አረቄው ሁሉ ከቤት ይወጣል። ይህ ዳሰሳ የቤት ነጋዴዎች ኦንላይን ላይ ስማቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ያያል። እዚህ ሰሜን ሸዋ የሚባለው በአማራ ክልል ያለው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ዞን ነው። ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው ሰሜን ሸዋ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል።

በዚህ አካባቢ ስም ከሰው ይልቅ ከቦታ ጋር ይጣበቃል። የመንዝ ዝተት፣ የደብረ ሲና ቆሎ፣ የምንጃር ጤፍ ይባላል። ስለዚህ አንዲት ሻጭ ስትከሰስ አገሩም አብሮ ይነካል። ድሮ ስም የሚወጣውም የሚወድቀውም በገበያ ቀን ነበር።

ዛሬ ገበያው ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያውም በስልክ ሆኗል። ይህ ለስም አዲስ ፈተና አመጣ። ገዢው ብር ሲልክ የተቀባዩ ስም ይመጣለታል። ቻናሉ በሴት ስም ሆኖ ሒሳቡ በባል ወይም በልጅ ስም ከሆነ ገዢው ይደነግጣል። ብልህ ሻጮች ብሩ በማን ስም እንደሚገባ ቀድመው ይጽፋሉ።

በሰፊው መነገር ያለበት ዝተት ነው። ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። አገሩ መንዝ ለመሆኑ ክርክር የለም። ኦንላይን ላይ ግን የፋብሪካ ክር በዚሁ ስም ሲሸጥ አይቻለሁ። ስለዚህ «ይሄማ ሲንተቲክ ነው» የሚል አንድ ኮሜንት እውነተኛዋን ሻጭ ሊጥላት ይችላል።

እስካሁን ያየሁት ምርጥ መልስ በጽሑፍ የተሰጠ አይደለም። ሻጯ ከዝተቱ ጫፍ አንድ ክር መዘዘች። ክብሪት ጫረች። የበግ ፀጉር ሲቃጠል የሰው ፀጉር የተቃጠለ ያህል ይሸታል፣ የቀረው ጥቁር አመድም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሽታው በቪዲዮ አይታይም፣ አመዱ ግን ጣቷ ላይ ሲደቅ ይታያል። ቪዲዮውን ከቅሬታው ሥር ለጠፈችው። ኮሜንቱን አልሰረዘችውም። ቢሰረዝ ኖሮ ጥርጣሬው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ዝተት ይኮሰኩሳል። ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል። በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይሰበሰባል። ይህን ከዋጋው ጎን የጻፈች ሻጭ «ሳትነግሪኝ» የሚል ደንበኛ አይመጣባትም። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ደግሞ ቢቀር ጥሩ ነው። ገዢው ሰው እያየች ዋጋ ትቆርጣለች ብሎ ይጠረጥራል።

ምግብ ላይ ጭንቁ ባዕድ ነገር ነው። ቆሎ ላይ ጠጠር፣ በርበሬ ላይ ቅልቅል። ገብሱ ሰፌድ ላይ ሲለቀም የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። የደብረ ሲና ቆሎ ከሁሉ ይጣፍጣል ይባላል፣ ደብረ ብርሃኖች ላይስማሙ ይችላሉ።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ቀብድ ተቀብላ መልስ ያልሰጠች ሻጭ ከሩቅ ላለ ገዢ ሌባ ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ ለመደበኛ ጥሪ የሚሆን ስልክ ቁጥር ቻናል ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው።

በሕግ በኩል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አለ። ከሕጉ ውጭ ደግሞ ጉግል ካርታ ላይ የንግድ ቤትን በነፃ ማስመዝገብና አስተያየት መቀበል ይቻላል።

የመጨረሻው ጣጣ ማስመሰል ነው። አጭበርባሪ ፎቶውን ይወስዳል፣ ከቻናሉ ስም አንድ ፊደል ይቀይራል፣ ቀብድ ይሰበስባል። ስድቡ ግን ለእውነተኛዋ ይደርሳል። ስለዚህ ጠንቃቆቹ ዝተቱን የዕለቱ ቀንና የቻናሉ ስም በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ፎቶ ያነሱታል፣ «ሌላ ቻናል የለንም» የሚለውንም ከላይ ፒን ያደርጉታል።