«ካምቢዮው ያንሸራትታል» ማለት ምን ማለት ነው?

«ካምቢዮህ ሄዷል። ያንሸራትታል። አውርደህ ቀይረው።»

ካምቢዮ የማርሹ ሳጥን ነው። ይህችን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለአራተኛ ጊዜ ሰማኋት። የተሰጠችው ያገለገለ ኮሮላ ገዝቶ ሦስት ሳምንት ላልሞላው ወጣት ነው። መኪናው ማንዋል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አዘገመ። መካሪው መኪናውን አላየውም፣ አልነዳውም። በስልክ ነው የነገረው፤ ያውም አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ደሴ ውስጥ ጋራዥ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ስለ መኪና አሠራር ሁሉ አላወራም፤ አንዲት ቃል ላይ ብቻ ልቆይ። ማንሸራተት።

ማንሸራተት ማለት የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ የመኪናው ፍጥነት ግን አብሮት አይጨምርም ማለት ነው። ጉልበቱ ከሞተሩ ወጥቷል፣ ጎማው ጋ አልደረሰም። መሀል ላይ ተጣብቀው አብረው መዞር ያለባቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን እያመለጠው ነው። የት ጋ ነው የሚያመልጠው? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

በማንዋል መኪና መልሱ ካምቢዮ ውስጥ አይደለም። ካምቢዮ ውስጥ ያለው የብረት ጥርስ ነው። ጥርስ ወይ ይናከሳል፣ ወይ ይለቃል፣ ወይ ይሰበራል። ጥርስ አይንሸራተትም። ተጣብቆና ተፋትጎ ጉልበት የሚያስተላልፈው በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ያለው ፍሪሲዮን ነው። ቃሉን ከጣሊያኖች ነው የወረስነው፤ ትርጉሙም ሰበቃ ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል።

እርሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት እኔን አይፈልግም። በሬዎቹ ሞተር ናቸው። ማረሻው ጎማ ነው። ሞፈሩን ካምቢዮ እንበለው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን ደግሞ ፍሪሲዮን ነው። ምራኑ ሲላላ በሬዎቹ ይራመዳሉ፣ ቀንበሩም አብሯቸው ይሄዳል፣ ማረሻው ግን አፈር ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ታዲያ ገበሬው ሞፈር ሊቆርጥ ዱር ይወርዳል? አይወርድም። ጎንበስ ብሎ ምራኑን ያያል። ምራን ቆዳ ነው፤ እየሠራ ያልቃል። የፍሪሲዮን ሸራም፣ ማለትም የሚፋተገው ልባስ፣ እንደዚያው እያለቀ የሚሠራ ዕቃ ነው። ዝናብ ያገኘው ምራን ተለጥጦ እንደሚላላ ሁሉ፣ ከሞተሩ የኋላ የዘይት ማገጃ ጎማ የሚያንጠባጥብ ዘይት ያገኘው ሸራም ገና ወፍራም ሆኖ ሳለ ያንሸራትታል። ሸራ ስትቀይሩ የሚያፈሰውን ማገጃ ጎማ ካልቀየራችሁ አዲሱን ምራን መልሳችሁ ዝናብ ላይ አሰጣችሁት ማለት ነው።

መካሪያችን ታዲያ ምራን ለላላበት ሰው ሞፈር ግዛ ነው ያለው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባዶ መንገድ፣ ቢቻል ትንሽ ዳገት ፈልጉ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ አራተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጁን እስከ ታች ርገጡት። ሞተሩ እየከበደው ቀስ በቀስ ከወጣ ፍሪሲዮኑ ይዟል። ዙሩ ድንገት ተስፈንጥሮ መኪናው እዚያው ከቀረ አልያዘም። ከዚያ መስኮት ስትከፍቱ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ምንም አትጠራጠሩ። አንዴ ሞክሩት፣ ይበቃል። ደጋግሞ የሚሞክር ሰው የቀረችውን ሸራ እዚያው ይጨርሳታል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ቆላ ላይ ተሞክሮ የተገዛ መኪና ሐረጎን ሲወጣ መድከሙ አይቀርም። ይሄ ማንሸራተት አይደለም። ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል። የደከመ ሞተር ድምፁ ይወርዳል፣ ማርሽ ቀንስልኝ ይላል። የሚያንሸራትት መኪና ግን ድምፁ ከፍ ይላል። «ዳገት አልወጣ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሞተሩ ጮኸ ወይስ አቃሰተ?» ብዬ ነው። በስልክም ቢሆን ይህችን መጠየቅ ይቻል ነበር።

ማንዋል ካምቢዮ አይበላሽም እያልኩ አይደለም። ይበላሻል፤ ግን ሲበላሽ ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ያስገባችሁት ማርሽ ነዳጅ ስትለቁ ከዘለለና ከወጣ ያ የካምቢዮ ነው። ወደ አንዱ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ወደ ሁለተኛ ስትቀይሩ ከተንጫጫ ያም የካምቢዮ ነው። ሁሉም ማርሽ፣ በተለይ የኋላው፣ ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ በደንብ አልላቀቀም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ አትፍረዱ። ለድምፅ ደግሞ መኪናውን አቁሙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ሞተሩ ይሥራ። ጉምጉምታ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ክብ ብረት) ነው። ዝም ብሎ ቆይቶ ስትረግጡ ከመጣ፣ የፍሪሲዮኑ የራሱ ኩሽኔታ ነው።

ዘይቱንም ተጠንቀቁ። ለማንዋል ካምቢዮ «ወፍራም ዘይት ነው» ብሎ ያገኙትን መጨመር ልማድ ሆኗል። ጂኤል 4 የሚባለውን የዘይት ደረጃ የሚጠይቅ ካምቢዮ ላይ ለዲፈረንሻል የሚሆነውን ጂኤል 5 መሙላት፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል።

ሸራ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው? ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ውስጥ እየነዳን ይህን መጠየቅ የለብንም። የደሴ መንገድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ዳገት ላይ ታክሲ ሰው ሲያወርድ ሾፌሩ የእጅ ፍሬን አይዝም። መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ያቆመዋል። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ሸራው በመሳያ ሞሎ ላይ እንደተገፋ ብረት የሚፋቅባት ናት። የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ያዙት።

አሁን ወደ አውቶማቲክ እንሂድ። እዚህ «ካምቢዮው ያንሸራትታል» የሚለው አነጋገር ልክ ነው። ምክንያቱም አውቶማቲክ ካምቢዮ ሆዱ ውስጥ የራሱ ሸራዎች አሉት። እነሱን አጣብቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ወደ እርሻችን ስንመለስ፣ ምራኑን የሚያጠብቀው እጅ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከጎደለ እጁ ይዝላል። ዳገት ላይ ደግሞ የቀረችው ዘይት ወደ ኋላ ትሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረው መኪና ሐረጎ ላይ ያንሸራትታል። ማርሹን ዲ ላይ ስታደርጉት ሁለት ሦስት ሰከንድ አስቦ የሚነሣ ከሆነም መጀመሪያ ዘይቱን ነው የምታዩት።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለኪያ ዘንግ ያላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች የሚለኩት ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ፒ ላይ ሲመለስ፣ ሜዳ ላይ ነው። ደጁ ዳገት ላይ ቆሞ የለካ ሰው የለካው ዳገቱን ነው። ሞተር ጠፍቶ የሚለካባቸው መኪናዎችም አሉ፤ መለኪያ ዘንግ የሌላቸውም አሉ። የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራዎቹ ተጎድተዋል፤ ዘይት ብቻ መቀየር አያድናቸውም። ጎድሎ ግን ቀለሙ ንጹሕ ከሆነ የሚፈስበትን ፈልጋችሁ ዝጉና ሙሉት። ሰው የማይሆን ገንዘብ ከማውጣት የሚድነው እዚህ ጋ ነው። በርካታ ቪትሶች ደግሞ ሲቪቲ ናቸው። ማርሽ የላቸውም፤ በብረት ቀበቶ ነው የሚሠሩት። የራሳቸው ዘይት አላቸው። ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት እዚያ ውስጥ አትጨምሩ።

ሌላም አለ። አውቶማቲክ ሲቆም ገመድ አስሮ ከሐረጎ እስከ ጋራዥ መጎተት። ሞተሩ ካልሠራ ፓምፑ አይሠራም፤ ዘይቱም አይዞርም። ጎማው ግን ካምቢዮውን ከውስጥ ያዞረዋል፣ በደረቁ። በትንሽ ብልሽት የቆመ ካምቢዮ በጉተታ ሲሞት አይቻለሁ። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሡ፣ ወይም መኪናው ይጫን።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ምክሩን ሰምቶ ያገለገለ ካምቢዮ አስመጥቶ ሌላ ቦታ አስገጥሟል። ለሻጩም ደውሎ «አታለልከኝ» ብሎ ተጣልቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተደበቀ ጉድለት ገዢን ይጠብቃል፤ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ግን መጀመሪያ ጉድለቱ የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ያለቀ ሸራና የተሰበረ ካምቢዮ አንድ ክርክር አይደሉም።

ተቀያሪው ካምቢዮ ተገጥሞም ሐረጎ ላይ ሞተሩ ጮኸ። እኔ ጋ የመጣው ያኔ ነው።

አወረድነው። ካምቢዮ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ፊት ለፊት ይታያል፤ ያወረደ ሰው ሳያየው አይቀርም። ሸራው ተፍቆ ምስማሮቹ ወጥተው ያብረቀርቃሉ። ሸራው የሚጣበቅበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፣ በምስማሮቹም ተጭሯል። የቀድሞው መካኒክ ይህን እያየ ነው ሌላ ካምቢዮ የገጠመበት።

«አሮጌውን ካምቢዮ የት አደረግከው?» አልኩት።

«ቤት አለ ጋሼ፤ ለብረት ልሸጠው ነበር።»

በማግሥቱ በባጃጅ ይዞት መጣ። ዘይቱን በጨርቅ ላይ አወጣሁት፤ የብረት ፍቅፋቂ የለውም። ዘንጉን በእጄ አዞርኩት። እያንዳንዱን ማርሽ አስገባሁ፣ አወጣሁ። ኩሽኔታዎቹ ዝም ያሉ ናቸው። በገንዘቡ ከገዛው የተሻለ ነበር። ቮላኖውን አስተካክለን፣ ሙሉ ፍሪሲዮን ቀይረን፣ የራሱን ካምቢዮ መልሰን ገጠምንለት። በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ወርዶ ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ ጀምሮ በሦስተኛ ወጣው።