የልማድ ግዢ ምንድን ነው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የምትገዛ እናትን ልብ ብላችሁ እዩ። እፍኝ ዘግና መዳፏ ላይ ትበትነዋለች። እፍ ትልበታለች፣ ገለባና አፈሩን ትለቅማለች፣ ዋጋውን ትጠይቃለች፣ "ኧረ ተወደደ!" ብላ ሌላ ቦታ ጠይቃ ትመለሳለች። ያቺው እናት ወደ ቤቷ ስትገባ የሰፈሯ ሱቅ በር ላይ ትቆምና "ልጄ፣ ኦሞ፣ ክብሪትና ሻይ ቅጠል ስጠኝ" ትላለች። የትኛው ኦሞ? አላለችም። ባለሱቁ "እሺ እትዬ" ብሎ እጁ የለመደውን ያወርዳል፣ እሷም ሳታየው ዘንቢሏ ውስጥ ትከተዋለች።

የልማድ ግዢ የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው። ሳናወዳድርና ብዙ ሳናስብ ባለፈው የገዛነውን ደግመን የምንገዛበት ማለት ነው። ብዙ ነጋዴ ይሄን የደንበኛ ፍቅር ይመስለዋል። አይደለም። እቃውን የወደደ ሰው ሲያጣው አራዳ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል። በልማድ የሚገዛ ግን "እሱ አልቋል፣ ይሄ አለ" ሲሉት "በል እሱን ስጠኝ" ብሎ ይሄዳል።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ዌይን ሆየር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ሱፐርማርኬት ገብተው የልብስ ሳሙና የሚገዙ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ቆሞ ተከታተለ። አብዛኞቹ የተመለከቱት አንድ እሽግ ብቻ ነው፣ አንስተው ለመሄድም ሰከንዶች በቅተዋቸዋል። ልዩነቱ፣ እዚያ መደርደሪያው ይመርጥላቸዋል፣ እኛ ጋ ባለሱቁ ይመርጥልናል። ለዚህ ነው ሳሙና አከፋፋዮች ከገዢው በላይ ባለሱቁን የሚለማመጡት።

ማስታወቂያስ? የማስታወቂያ ተመራማሪው ኸርበርት ክሩግማን እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው፣ ሰው ልብ ሳይል የሰማው ነገር በድግግሞሽ ብቻ ውስጡ ይቀራል። ከፒያሳ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ የሚያዳምጥ የለም፤ ሁሉም ስለራሱ ጉዳይ ያስባል። ሱቅ በር ላይ ሲቆም ግን አፉ ላይ የሚመጣው ሬዲዮው ሲደጋግመው የነበረው የእቃ ስም ነው።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የፈንዲሻው ነው። ዌንዲ ዉድ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሲኒማ ለገቡ ሰዎች ገሚሱን ትኩስ፣ ገሚሱን ሳምንት የሰነበተ ፈንዲሻ ሰጡ። ፊልም ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች የሰነበተውን እንደማይወዱት እየተናገሩ እንኳ የትኩሱን ያህል በሉት። እዚያው ሲኒማ ቤት፣ ባልለመዱት እጃቸው እንዲበሉ ሲደረጉ ግን የሰነበተውን ቀነሱ። እጅ ሲቀየር ምላስ ነቃ ማለት ነው።

ይሄን ስንፍና ነው የሚል ሰው አለ፣ እኔ አልስማማም። ለክብሪት የጤፍን ያህል ብንጨነቅ ቀኑ አይበቃንም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በልማድ የምንገዛው እቃ ቀስ እያለ ሲለወጥ አናየውም። በጤፍ ኪሎ ላይ ለጥቂት ብር የምንከራከር ሰዎች፣ ሳሙናው በዚያው ዋጋ ሲሳሳ፣ ብስኩቱ ከእሽጉ ውስጥ ሲቀንስ ዝም ብለን እንከፍላለን። ግራሙ እሽጉ ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን የሳሙናውን እሽግ አትጣሉት፣ በሌላ ጊዜ ከምትገዙት ጋር አስተያዩት።

ልማዱ በራሱ ጊዜ የሚሰበረው ደግሞ ኑሮ ሲቀየር ነው። ጾም ሲገባ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲቀየር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የተመደበ አዲስ ተማሪ እናቱ የምትገዛውን ሳሙና ሱቁ ላይ ካጣው፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ "ስንት ዓይነት አላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ሰሞን ያነሳውን ሳሙና፣ የቆመበትንም ሱቅ፣ እስኪመረቅ ላይቀይረው ይችላል።