የጤና አገልግሎት አስተዳደር ተመራቂዎች የሥራ መስኮች

የጤና አገልግሎት አስተዳደር ሆስፒታልን፣ ጤና ጣቢያን፣ የጤና መድን ድርጅትን ወይም አንድን የጤና ፕሮግራም የማቀድ፣ የማደራጀትና የመምራት ሙያ ነው። ተማሪው የሒሳብ አያያዝ፣ የጤና ኢኮኖሚክስ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ስታትስቲክስ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) እንዲሁም የጤና ሕግና ሥነ ምግባር ይማራል። ሲመረቅ በሽተኛ አይመረምርም፣ መድኃኒትም አያዝም። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ መገኘት አለመገኘቱ፣ አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ ስንት ታካሚ እንደምትይዝ፣ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ግን በእጅጉ የሚወሰነው በእሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህን የትምህርት ዘርፍ «የሕክምና ትምህርት ላልደረሳቸው የቀረ አማራጭ» አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን ሲመሩ የኖሩት በመነኮሳት፣ በነርስ አለቆችና አስተዳደርን በልምድ በተማሩ ሐኪሞች ነበር። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የሟቾችን መዝገብ አደራጅታ፣ ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ በሽታ እየጨረሰው እንደነበር በቁጥር አሳይታለች። ይህ ዛሬ የጤና አስተዳዳሪ ከሚሠራው ብዙም አይርቅም። ሙያው ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ኮሌጅ በ1933 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በዓመቱ ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታል አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመረ።

ሆስፒታል ውስጥ

ብዙ ተመራቂ መጀመሪያ የሚያስበው የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅነትን ነው። ወንበሩ ግን የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሩ የሚከፈተው በአንድ ክፍል አስተባባሪነት፣ በዕቅድ ባለሙያነት፣ በካርድ ክፍል ኃላፊነት ወይም በሥራ አስኪያጅ ረዳትነት ነው። አንዳንድ ቦታ የተደራጀ የሥልጠና መርሐ ግብር አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎችን እየተቀበለ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ ለአመራር ያሠለጥናል።

የዕለት ሥራው ምን እንደሚመስል በአልጋ ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ሆስፒታል በቀን በአማካይ 12 ሰው አስተኝቶ ለማከም ይቀበላል እንበል። እያንዳንዱ ታካሚ በአማካይ 5 ቀን ከቆየ ሁልጊዜ 60 ያህል አልጋ ተይዞ ይውላል። ቆይታው ወደ 4 ቀን ቢወርድ የሚያዘው 48 አልጋ ብቻ ነው። አንድ ጡብ ሳይጨመር 12 አልጋ ተገኘ ማለት ነው። ታዲያ ያቺ አንድ ቀን የት ነው የምትጠፋው? ሐኪሙ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታካሚውን አይቶ «ወደ ቤት መሄድ ይችላል» ይላል። የመውጫው ማጠቃለያ እስኪጻፍ እኩለ ቀን ይሆናል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ እስኪመጣ፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ፣ ቤተሰብ ተደውሎለት እስኪደርስ ይመሻል፤ አልጋው ሳይጸዳ የጽዳት ሠራተኛው ፈረቃ ያልቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ቃሬዛ ላይ ሆና አልጋ ትጠብቃለች። ማንም ሰው አልሰነፈም፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር አልተያያዘም እንጂ። ይህን ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ ተከትሎ የሚፈታው የጤና አስተዳደር ባለሙያው ነው። ቆይታን ማሳጠር ሲባል ያልዳነን ሰው ማስወጣት እንዳልሆነም ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ያለጊዜው የወጣ ታካሚ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

የጥራትና የታካሚ ደኅንነት ሥራ

በዚህ ዘርፍ ካሉት መንገዶች ሁሉ እኔ ለተማሪ አስቀድሜ የምጠቁመው ይህንን ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን እያንዳንዱ ሆስፒታል ታካሚዎቹ ከሕክምና በኋላ ምን እንደደረሱ ተከታትሎ በይፋ ይናገር ብሎ ተነሣ። በዘመኑ የተከተለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. የጤና አገልግሎት ተመራማሪው አቬዲስ ዶናቤዲያን የሕክምና ጥራት የሚመዘንባቸውን ሦስት ማዕዘኖች አስቀመጠ፤ አደረጃጀት፣ ሂደትና ውጤት። የጥራት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው እስከ ዛሬ የሚጠቀመው በእነዚሁ ነው።

የሥራው ፍሬ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር መውሰድ ይበቃል። 19 ነጥቦች ያሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የታካሚው ማንነት፣ የሚቀደደው የአካል ክፍል፣ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት በጊዜው መሰጠቱ፣ መሣሪያና ጨርቅ መቆጠሩ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይረጋገጣል። በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ወረቀቱን ማተም ቀላል ነው። በየቀኑ፣ ሰው በበዛበትና በደከመበት ሰዓት ጭምር በሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ ግን አስተዳደር ይጠይቃል።

ገንዘብ፣ መረጃ፣ አቅርቦት

የጤና መድን ድርጅቶችና የሆስፒታል ፋይናንስ ክፍሎች ብዙ ተመራቂ ይቀጥራሉ። በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር በ1983 እ.ኤ.አ. ሆስፒታሎችን ባወጡት ወጪ ልክ መክፈሉን ትቶ በበሽታ ምድብ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ መክፈል ጀመረ፤ ተመሳሳይ አሠራር ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በዚህ አሠራር የሕክምና መዝገቡ ራሱ ገንዘብ ነው። ሐኪሙ «ሳንባ ምች» ብሎ ብቻ ጽፎ የታካሚውን የስኳር ሕመምና የኩላሊት ድካም ካልመዘገበ፣ ሆስፒታሉ የደከመበት ሕክምና ከቀላሉ ምድብ ይወድቃል። የምርመራው ኮድ (ለበሽታው የሚሰጠው መለያ ምልክት) ከተሠራው ሕክምና ጋር ካልገጠመ ደግሞ የክፍያ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የኮድ ባለሙያ፣ የክፍያ ጥያቄ መርማሪና የገቢ ተንታኝ ሆነው የሚሠሩ ሁሉ ዓለም አቀፉን የበሽታዎች ምደባ ማወቅ ግድ ይላቸዋል። አሥራ አንደኛው ዕትም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው።

መረጃ የሚወድ ተማሪ በጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጀውና ብዙ ታዳጊ አገሮች ለጤና ሪፖርት የሚገለገሉበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። በአቅርቦት በኩል ያለው ሥራ ደግሞ የመድኃኒትና የክትባት ክምችት ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሲወጣም መጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው መሞቁን ማንም ካላየ፣ ሰኞ ጠዋት ለሕፃን የሚሰጠው ጠብታ ኃይሉ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ውጪ ተመራቂዎች በጤና ሚኒስቴሮች፣ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች የክትትልና ግምገማ ክፍሎች፣ በአረጋውያን መንከባከቢያዎች፣ በመድኃኒት አምራቾች፣ በአማካሪ ድርጅቶችና በማስተማር ይሠራሉ።

ሁለተኛ ዲግሪና የመጀመሪያው ሥራ

ሆስፒታል ለመምራት የሚያስብ የጤና አስተዳደር ማስተርስ ይመረጥለታል። የሕዝብ ጤና ማስተርስ ወደ ፕሮግራምና ፖሊሲ፣ የንግድ ሥራ አስተዳደር ደግሞ ወደ መድንና ወደ ግል ድርጅቶች ያዘነብላል። ከሥራ በፊት በተከታታይ መማር ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ የገባ ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ለአንድ የሥራ ቦታ ከነርሶችና ከሐኪሞች ጋር መወዳደርም የሚያጋጥም ነገር ነው። እነሱ ሕመምተኛውን በቅርብ ያውቁታል። ተመራቂው በጀት ማንበብ፣ የተመን ሉህ ላይ መሥራትና ወረፋን መተንተን ይችላል፤ የጎደለው የዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ዕውቀት ነው።

እሱን ለመሙላት የተግባር ልምምድ ጊዜው ውድ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ጊዜ ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ በመተየብ ያሳልፈዋል። ይልቅ የክፍሉን ኃላፊና ታካሚውን አስፈቅዶ፣ አንድ ተመላላሽ ታካሚን ካርድ ከሚያወጣበት መስኮት አንሥቶ መድኃኒት ይዞ እስከሚወጣበት በር ድረስ አብሮ መሄድ፣ የእያንዳንዱን ጥበቃና የእያንዳንዱን ምርመራ ሰዓት በማስታወሻ ደብተር መያዝ ይሻላል። ምሽት ላይ ደብተሩ ሲደመር፣ ታካሚው ከባለሙያ ጋር የነበረበት ደቂቃ በአንድ ዓምድ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠበት ሰዓት በሌላው ይሰፍራል። የመጀመሪያው የማሻሻያ ዕቅድ ከሁለተኛው ዓምድ ይጀመራል።