ታፓስያን የምትረግሙ ሁሉ፦ ስለ ኡታራን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ህንድ ድራማ ዞረ። እኔም አላስችል ብሎኝ «ኡታራንን የሚያህል የለም» አልኩ። አንዷ «እሱ ቦሊውድ እኮ ነው» አለች። ሌላዋ «ሁለት ሴት ለአንድ ወንድ የሚጣሉበት አይደል?» አለች። አክስቴ ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ናት፤ ስኒ እያጠበች ታፓስያን ረግማ ረግማ ልትጨርሳት ነበር። እዛ መከራከር ስለማይሞከር እዚህ ልተንፍሰው።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኡታራን በሂንዲ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ነው፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 2008 እስከ ጃንዋሪ 2015 ከለርስ በሚባል ቻናል የታየ። ኢቻ እና ታፓስያ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ያድጋሉ። ታፓስያ የሀብታሙ የጆጊ ታኩር ልጅ ናት። ኢቻ ደግሞ እዛው ቤት የምትሠራው የዳሚኒ ልጅ ናት። ልጅ እያሉ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ነበሩ፣ ትልቅ ሲሆኑ ነው ነገሩ ሁሉ የሚመሰቃቀለው። መጨረሻውንም አወራለሁ፣ ገና እያያችሁ ያላችሁ ከዚህ ተመለሱ።

መጀመሪያ ስሙ። ብዙ ሰው ኡታራን የሴት ስም ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ሃያ ምናምን ክፍል ድረስ «ይቺ ኡታራን የምትባለው መቼ ነው የምትመጣው» እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ስም አይደለም። በሂንዲ ኡታርና ማለት ማውረድ፣ ማውለቅ ነው። ኡታራን ከዛ የመጣ ቃል ነው፤ አንዱ ለብሶት ያወለቀው፣ ለሌላ የሚሰጥ ልብስ ማለት ነው። እኛ ምን እንለዋለን? ውራጅ። ውራጅም ከመውረድ ነው የመጣው። ህንዱም እኛም ልብሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሳንነጋገር ተስማምተናል።

ውራጅ ደግሞ ከሰልባጅ ይለያል። ሰልባጅ ገበያ ወጥታችሁ መርጣችሁ፣ ተከራክራችሁ ትገዛላችሁ፤ ማን እንደለበሰው አታውቁም፣ ግድም አይሰጣችሁም። የውራጅ ባለቤት ግን ትታወቃለች። እሷም ታውቃችኋለች። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የአክስቴ ልጅ ሹራብ ደረሰኝ። ሰማያዊ ነው፣ ክርኑ ላይ ሳሳ ያለ። አንገቱ ውስጥ ያለችው ጨርቅ ላይ ስሟ በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ እናቴ በሳሙና ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቅ አለ። ሹራቡ ይሞቅ ነበር፣ ውሸት አልናገርም። ችግሩ የአክስቴ ልጅ ቤታችን የመጣች ቀን ነው። ክፉ ቃል አልወጣትም፣ ብቻ ስንጫወት ቆይታ ድንገት እጅጌውን ታየዋለች፣ ከዛ ወደ ጨዋታው ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ሙቀቱን ታግሼ ቁጭ እላለሁ፣ ላውልቀው ብል ስሟ ይታያል።

ኢቻ እንዲህ ነው የምታድገው፣ በታፓስያ ልብስ፣ በታፓስያ መጫወቻ። ይሄን ያልያዘ ሰው ኡታራንን የፍቅር ሦስት ማዕዘን አድርጎ ያየዋል፣ ያም ሁለተኛው ስህተት ነው። አዎ፣ ቪር የሚባል ወንድ አለ፣ ሁለቱም ይወዱታል። እሱ ግን እንደ ቀሚሱ፣ እንደ መጫወቻው ነው (ወንዶች አትቆጡ)። ጥያቄው ልጅ እያሉ የተጀመረ ነው፦ የኔ የሆነው የቱ ነው፣ ካንቺ የመጣውስ የቱ ነው?

አሁን ወደ አክስቴ እርግማን። «ታፓስያ ክፉ ናት፣ አለቀ።»

አላለቀም። መጀመሪያ ስማቸውን እዩት። ኢቻ ማለት ምኞት፣ ፍላጎት ማለት ነው። ታፓስያ ደግሞ ተጋድሎ፣ ራስን እየጎዱ የሚደረግ የብሕትውና ጸሎት። እንግዲህ ምኞት የተባለችው የምትመኘውን ሁሉ ለሌላ ትታ ስታልፍ፣ ተጋድሎ የተባለችው የፈለገችውን ካላገኘች ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆማለች። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ታፓስያ ሁሉ ነገር አላት እንላለን። አላትም። ግን አባቷ ኢቻን እንደ ልጁ ሲያቅፍ ታያለች። ሌላው ንብረት የሚሰጠው ስለተረፋት ነው፣ ያለቀ ልብስ መስጠት ምን ይከብዳል። የአባት ፍቅር ግን እሷ ገና ለብሳ ሳትጠግበው ነው የሚካፈሉባት። አንዲት ልጅ ይሄን በምን ቋንቋ ልትናገረው ትችላለች? በጩኸት ትናገረዋለች። አጠገቧ ደግሞ ልዩነቱን እየነገረች የምታሳድጋት አያት አለች። ስታድግም ያው ጩኸት ነው፣ ረቀቀ እንጂ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። በኢቻ ሠርግ ቀን ቪርን የምታገባው ታፓስያ ናት። አሸነፈች አይደል? ግን ምን አገባች? ልቡ ኢቻ ጋ የቀረ ሰው። አንድ ቤት ውስጥ ከማይወዳት ባል ጋር ተቀምጣ፣ ኢቻ ደግሞ የቪርን ወንድም ቫንሽን፣ ያውም ሱሰኛ የነበረውን፣ አግብታ እዛው ቤት ገባች። ታፓስያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውራጅ የለበሰችው ያኔ ነው፣ የኢቻን። የውራጁ ባለቤት ኢቻም በየቀኑ ፊት ለፊቷ አለች፣ ምንም አትናገርም። የዛን ሹራብ እጅጌ ያስታወሰኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ አልረግማትም። አላቆላምጣትም፣ የሠራችው ሥራ ግፍ ነው። ራሻሚ ዴሳይ ግን ስትሠራት ክፋቱን ብቻ አላሳየችንም፤ አንዳንዴ ዓይኗ ውስጥ ያቺ የአባቷን እጅ የምትጠብቅ ልጅ ብቅ ትላለች። ልጅነቷን የሠራችው ኢሺታ ፓንቻል ናት፣ የኢቻን ደግሞ ስፓርሽ ካንቻንዳኒ። ትልቋን ኢቻ ቲና ዳታ ናት የሠራቻት። (ልጆቹና ትልልቆቹ እህትማማች ናቸው የሚል ሰው ገጥሞኛል። በፍጹም፣ መልክ ስላመሳሰሏቸው ነው።)

«ኢቻ መልአክ ናት» የሚለውም ያው ስህተት ነው፣ ተገልብጦ የመጣ። እውነቴን ነው፣ እኔ ከታፓስያ ይልቅ ያናደደችኝ ኢቻ ናት። ተሰጣት፣ አመሰገነች። ተወሰደባት፣ ዝም አለች። እንደገና ተወሰደባት፣ አለቀሰችና ይቅር አለች። ይሄን ደግነት ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። የሰው ቤት ያደገች ልጅ እናቷ ዳሚኒ ጠዋት ማታ የምታስተምራት አንድ ነገር ነው፦ የተሰጠሽን ተቀበይ፣ አንገትሽን ድፊ፣ ያጎረሱሽን እጅ አትንከሺ። እምቢ ማለት የት ትማረው? እኛ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድመን «ወይ ጨዋነት» እንላለን።

ወደ ሠርጉ ልመለስ፣ እዛ ላይ የተሳሳተ ነገር ሞልቷል። በህንድ ድራማ ሙሽራ መቀያየር፣ ንፋስ መጥቶ ሲንዱር የሚሉትን ቀይ ዱቄት ሴቷ ግንባር ላይ መበተን፣ ከዛ ሁሉም ደንግጦ ሙዚቃው ሦስቴ መምታት የተለመደ ነው። ከዚህ ተነስቶ «እዛ ሀገር ሲንዱር ከነካሽ አገባሽ ማለት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ሲንዱር የባለትዳር ሴት ምልክት ነው፣ ልክ እንደ ቀለበት። የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የሚለው ጋብቻው በአንደኛቸው ወገን ልማድ ይፈጸም ነው። ልማዱ በተቀደሰ እሳት ፊት ሰባት እርምጃ አብሮ መሄድን የሚጨምር ከሆነ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ትዳሩ ይጸናል። በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጋብቻውን ሊያስፈርስ ይችላል፣ ማታለሉ ከታወቀ ወይም ግዴታው ከቀረ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ከቀረበ። በሕይወት ያለ ባል ወይም ሚስት እያለ ሌላ ማግባትም በዚሁ ሕግ ክልክል ነው። በቃ፣ አንድ ጎበዝ ጠበቃ ቢገባበት ስንቱ የህንድ ድራማ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር።

ቦሊውድ ላላችው ደግሞ፦ ቦሊውድ የሙምባይ የሂንዲ ሲኒማ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ሌላ ሠፈር ነው፣ ምንም እንኳን አብዛኛው እዛው ሙምባይ ቢቀረጽም። ተዋናዮቹም ሌላ፣ አሠራሩም ሌላ። አማርኛ የሚናገሩትን የህንድ ድራማዎች «ዚ ዓለም» በሚባለው ቻናል ስለምናይ ሁሉም «ዚ» የሚባለው የህንድ ድርጅት ይመስለናል፣ ከለርስ ግን የ«ዚ» ተፎካካሪ ነው። የህንድ ድራማ ሁሉ ሂንዲም አይደለም፤ ታሚሉ፣ ቴሉጉው፣ ቤንጋሊው የየራሱ ድራማ አለው። ቲና ዳታ ራሷ የኮልካታ ልጅ ናት፣ ቤንጋሊ።

«የህንድ ድራማ ያው የአማትና የምራት ጭቅጭቅ ነው» ለሚሉት ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። ከ2000 ወዲህ ገበያውን የያዙት እነሱ ነበሩ፣ ራሳቸው ህንዶቹ ሳስ ባሁ ይሏቸዋል፣ አማትና ምራት ማለት ነው። ከለርስ በጁላይ 2008 ሲከፈት ግን ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያነሳ ድራማ ይዞ ነው የመጣው፣ በዛው ዓመት መጨረሻ የሠራተኛዋን ልጅ ታሪክ አስከተለ። ሁለቱም የሚጀምሩት ከልጅ ነው። በኋላ ኡታራንም ወደ አማት ቤት ጭቅጭቅ መግባቱ አልቀረም፣ ያንን አልክድም።

ስለ ርዝመቱ ደግሞ ሁሉም ያማርራል። ከ1500 ክፍል በላይ ነው! «ታሪክ ስላለቀባቸው ነው የሚጎትቱት» ይባላል። ነገሩ ወዲህ ነው። የቱርክ ድራማ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ኡታራን ግን ዕለታዊ ነው፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ሃያ ደቂቃ ምናምን የሚሆን። ከተመረጡ ቤቶች የተሰበሰበ የተመልካች ነጥብ፣ ቲአርፒ የሚሉት፣ በየሳምንቱ ይወጣል። ነጥቡ ካለ ድራማው ይቀጥላል፣ ከወረደ ወይ አዲስ ሰው ይገባል፣ ወይ አንዱ ይሞታል፣ ወይ ዓመታት ይዘለላሉ። ደራሲው መጨረሻውን አስቀድሞ ጽፎ አይደለም የሚነሳው። ያ አንድ ሰው በር ላይ ሲቆም የአሥር ሰው ፊት አንድ በአንድ የሚታየውም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ ለነገ የሚተላለፍ ክፍል መሙላት ያለበት ሰው ፊትም ይጠቅመዋል። እኔ እዛ ጋ ሄጄ ሽንኩርት ከትፌ እመለሳለሁ፣ ምንም አያመልጠኝም።

ዓመታት ይዘለላሉ ካልኩ፣ ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ነው። ቲና ዳታ ኢቻ ሆና ሞተች፣ ከዛ ሚቲ ሆና መጣች። «ነፍሷ ተመልሳ ነው፣ ሂንዱዎች እኮ ያምናሉ» ይላሉ። አይደለም፣ ሚቲ የኢቻ ልጅ ናት። ተመልካቹ የለመደውን ፊት ላለማጣት ያችኑ ተዋናይት ልጇ አደረጓት። የታፓስያን ልጅ ሙክታን የሠራችው ስሪጂታ ዴ ናት፣ እሷ ላይ ማንም ግራ አልተጋባም።

አንድ ቀላል ነገር ጣል ላድርግ፦ ድራማው ላይ ቪር ታፓስያን አይወዳትም፣ ከስክሪን ውጭ ግን ቪርን የሠራው ናንዲሽ ሳንዱ እና ራሻሚ ዴሳይ በ2012 ተጋብተዋል። በኋላ ተፋቱ። ስለዚህ «በእውነትም አይዋደዱም ነበር፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል» የምትሉ፣ እሱ ትወና ነው።

የኢቻ አሟሟት ግን ዝም ብሎ የተዋናይ መቀያየሪያ ተደርጎ ሲታለፍ ያናድደኛል። ኢቻ ስትሞት ልቧ ለታፓስያ ተሰጠ። በቀዶ ሕክምና፣ እውነተኛው ልብ። አቅጣጫውን እዩት። ያ ሁሉ ዓመት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የነበረው ነገር መጨረሻ ላይ ከሠራተኛዋ ልጅ ወደ ጌትዮው ልጅ ሄደ። ኢቻ የታፓስያን ቀሚስ ለብሳ አደገች፣ ታፓስያ በኢቻ ልብ ቀሪ ዕድሜዋን ልትኖር ነው። ይሄኛው ደግሞ ሲጠብ ወይ ሲያረጅ የሚወልቅ አይደለም።

አክስቴ ገና እዚህ አልደረሰችም። ሹራቡን የሰጠችን እሷ ናት፤ እሁድ ዕለት «ኢቻዬ ምስኪን፣ የሰው ቤት ልጅ» እያለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ልጇ አጠገቧ ፈንዲሻ ትዘግን ነበር። እኔ ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ። ይሄን ካነበበችና መጨረሻውን ካወቀች ሦስተኛውን የምታቀምሰኝ አይመስለኝም።