የፌስታል ክልከላ በኢትዮጵያ

ፌስታል በኢትዮጵያ በሕግ መገደብ የጀመረው ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀደም ብሎ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል ላይ ገደብ ጣለ። በስብሶ ከአፈር የሚቀላቀል መሆን አለመሆኑም ፌስታሉ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ዛሬ በጥብቅነቷ የምትጠቀሰው ኬንያ እገዳዋን ያወጣችው ከዚያ 10 ዓመት ቆይታ ነው። ይህ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

ችግሩ ያለው ልኬቱ ላይ ነበር። 0.03 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትመዝን እናት፣ ወይም መርካቶ ውስጥ ፌስታል እያዞረ የሚሸጥ ልጅ፣ የያዙት የተፈቀደ ይሁን የተከለከለ በምን ያውቃሉ? ፋብሪካና ጉምሩክ ላይ ካልተያዘ፣ ገበያ ከገባ በኋላ ማጣራት አይሞከርም። ስለዚህ አዋጁ እያለ ስሱ ፌስታል ቱቦ መድፈኑን ቀጠለ። ከብትም እየበላው ይታመማል፣ ይሞታል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክልከላውን አሰፋው። አዲሱ አዋጅ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ይከለክላል። ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። አምራችና አስመጪ ላይ ያለው ቅጣት ከዚህ በጣም ይከብዳል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው።

ሌሎች አገሮች ፌስታሉን ከመከልከል ይልቅ ዋጋ አውጥተውለታል። አየርላንድ በፈረንጆቹ 2002 በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ስታስከፍል አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2010 ጀምሮ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ምግብ የሚሸጡ የአበሻ ሱቆችም ይመለከታቸዋል። አብዛኛው ገንዘብ የአናኮስቲያ ወንዝን ለማጽዳት ይውላል። እስራኤል በፈረንጆቹ 2017 በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች 10 አጎሮት (የእስራኤል ሳንቲም) ማስከፈል ጀምራለች።

እኛ ጋ ምትኩ ሩቅ አይደለም። ከሰሌን የሚሠራው ዘንቢል ፌስታል ሳይመጣ በፊት አስቤዛ የሚገባበት ዕቃ ነበር፤ ዛሬም በየገበያው አለ። የጨርቅ ቦርሳ ለመሥራት ብዙ ውኃ ይፈጃል የሚሉ አንዳንድ ወገኖች አሉ። ይህ የሚያስኬደው ግን ቦርሳው ደጋግሞ ካልተያዘ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው እርጥብ ነገር ነው። ሉካንዳ ቤት ለሚሄድ ሰው ዘንቢል አይበቃም፤ ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት መያዝ አለበት።