ከአዲስ አበባ በሞያሌ እስከ ሞምባሳ፦ መንገዱ፣ ኬላውና ንግዱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ቡሌ ሆራ (የድሮው ሀገረ ማርያም)፣ ያቤሎና ሜጋ አርጎ ሞያሌ የሚደርሰው፣ ከዛ ድንበር ተሻግሮ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ናይሮቢ ገብቶ ሞምባሳ ወደብ ላይ የሚያልቀው መንገድ በፕሮጀክት ስሙ የሞምባሳ ናይሮቢ አዲስ አበባ ኮሪደር ይባላል። ርዝመቱ በጠቅላላ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ አዲስ አበባ ሞያሌ 770 አካባቢ ነው፣ ሞያሌ ናይሮቢም ከዛ ብዙ አይለይም፣ ቀሪው ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ያለው ነው። ዓመተ ምህረቶቹ እዚህ ጽሁፍ ላይ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ መንግስታትና አበዳሪዎች ተባብረው መንገድ ሲሰሩ ምን እንደሚሳካና ምን ላይ እንደሚቆም ማየት ለሚፈልግ ሰው ይሄ መንገድ ብዙ ያሳያል፣ ምክንያቱም አስፋልቱ ከሞላ ጎደል አልቋል፣ ንግዱ ግን አስፋልቱን ገና አልደረሰበትም።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ዋና መስሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አህጉሩን የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች እቅድ ይዞ ሲሰራ ነበር፣ እቅዱ ዘጠኝ መስመሮች አሉት፣ ከካይሮ ኬፕታውን የሚወርደው አራተኛው መስመር ኢትዮጵያን አቋርጦ በሞያሌ ነው ኬንያ የሚገባው። ካርታው ላይ ለአስርት ዓመታት ተሰምሮ ቆየ፣ መሬቱ ላይ ግን ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ፒስታ ነበር፣ ፒስታ ማለት እንኳን ለአንዳንዱ ቦታ ማሞገስ ነው። በተለይ ከማርሳቢት በስተሰሜን ያለው የዲዳ ገልገሉ በረሃ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ባሌስትራ ይሰብራል። ሽፍታ ስለነበረ መኪኖች ተጠባብቀው በታጣቂ ጥበቃ በኮንቮይ ነበር የሚሄዱት፣ ዝናብ ከመጣ ደሞ ጭቃው እስኪደርቅ እዛው ማደር ነው። አውቶቡስ እንደልብ ስለማይገኝ ሰው ከብት የጫነ መኪና ላይ፣ ከከብቶቹ በላይ ባለው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚጓዘው። አሁን ያ መንገድ አስፋልት ነው፣ ድሮ ቀናት ይፈጅ የነበረው የሞያሌ ናይሮቢ ጉዞ በአንድ ቀን ይገባል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው እና እንደቀላል መታየት የለበትም።

ገንዘቡን አንድ አገር ወይ አንድ ባንክ አይደለም ያወጣው። የጀርባ አጥንቱ መቀመጫውን አቢጃን ያደረገው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው፣ በተለያየ ዙር በሁለቱም አገር በኩል ብድር ሰጥቷል። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሜሪሌ ወንዝ ያለውንና ከማርሳቢት በቱርቢ አርጎ ሞያሌ የሚደርሰውን እሱ ሲደግፍ፣ መሀል ላይ ከሜሪሌ ወንዝ ማርሳቢት ያለውን ደሞ የአውሮፓ ህብረት ይዞታል። በኛ በኩልም ከሐዋሳ በታች እስከ ድንበሩ ድረስ ያለው እንዲሁ በዙር በዙር ነው የተሰራው።

ከሞጆ ሐዋሳ ያለው የፍጥነት መንገድ ደሞ ከዚህም የባሰ ነው። ርዝመቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት አበዳሪ ተካፍሎታል፣ ከሞጆ መቂ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ ባቱ (ዝዋይ) 37 ኪሎ ሜትር በኮሪያ ኤግዚም ባንክ (የአገሩ መንግስት የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ)፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ በአለም ባንክ፣ ከአርሲ ነገሌ ሐዋሳ በቻይና ኤግዚም ባንክ። አራት ባንክ ማለት አራት አይነት ደንብ ማለት ነው። የአለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ከሆነ ጨረታው ለአለም አቀፍ ተወዳዳሪ ክፍት ይሆናል፣ የአካባቢና የማህበራዊ ጥናቱ ረጅም ነው፣ የኤግዚም ባንኮች ብድር ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአገራቸው ኮንትራክተር ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ከዛ በኋላ አፈጻጸሙም እንደዛው ይለያያል፣ አንዱ ጋ አስፋልት ሲነጠፍ ሌላው ጋ ገና አፈር ቆረጣ ላይ ነው። በዚህ ላይ የካሳ ክፍያው የመንግስት ድርሻ ስለሆነ፣ መንገድ ስራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወሰን ማስከበር ጉዳይ አለ፣ ቤቱ ካልተነሳ፣ የመብራት ፖሉ ካልተዛወረ፣ ገበሬው ካሳውን ካልወሰደ ማሽኑ ቆሞ ይውላል። ብድሩ መበታተኑ አንድ አገር እጅ ላይ ብቻ ከመውደቅ ያድናል የሚለው ክርክር ትክክል ይመስለኛል፣ ግን ዋጋ አለው፣ ያ ዋጋ ደሞ ጊዜ ነው።

ሞያሌ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ከአስፋልት ወደ ወረቀት ይቀየራል። ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፣ ግማሿ ኢትዮጵያ ግማሿ ኬንያ ውስጥ፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው በሁለቱም በኩል አለ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ሰው በእግሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለጭነት መኪና ግን እንደዛ ቀላል አልነበረም። በድሮው አሰራር መኪናው መጀመሪያ በኛ በኩል ቆሞ የመውጫ ጉምሩኩንና ኢሚግሬሽኑን ይጨርሳል፣ ትንሽ ነድቶ ደሞ ኬንያ ጋ ያንኑ ፍተሻ፣ ያንኑ ፎርም ከዜሮ ይጀምራል። በሁለቱም በኩል ትራንዚተር (የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ ወኪል) ያስፈልጋል፣ በሁለቱም በኩል ወረፋ አለ፣ አንዱ ቢሮ ለምሳ ከወጣ ሌላኛው ክፍት መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

ለዚህ የመጣው መፍትሄ የጋራ የድንበር ኬላ የሚባለው ነው። አሰራሩ ሲታይ ቀላል ነው፣ ከኢትዮጵያ የሚወጣ መኪና በኛ በኩል ሳይቆም ቀጥታ ወደ ኬንያው ግቢ ይገባል፣ እዛ የኢትዮጵያ የመውጫ ሰራተኞችና የኬንያ የመግቢያ ሰራተኞች አንድ ጣሪያ ስር ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ጨርሶ ለሌላኛው ያቀብላል፣ ፍተሻ ካስፈለገ መኪናው አንዴ ይከፈታል፣ አብረው ያዩታል። ከኬንያ ለሚመጣውም በተገላቢጦሽ እንዲሁ ነው። ከባዱ ነገር ህጉ ነው፣ የአንድ አገር ጉምሩክ ሰራተኛ በሌላ አገር መሬት ላይ ቆሞ የራሱን አገር ህግ እንዲያስፈጽም ሁለቱም መንግስታት መፍቀድና መፈረም አለባቸው። አፍሪካ ውስጥ ይሄን መጀመሪያ የሞከሩት ዛምቢያና ዚምባብዌ ናቸው፣ ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለው የቺሩንዱ ኬላ በ2009 መጨረሻ ስራ ሲጀምር ቀናት ቆመው ያድሩ የነበሩ መኪኖች በሰዓታት ማለፍ ጀመሩ፣ ጃፓኖችም በትብብር ድርጅታቸው በጃይካ በኩል ደግፈውታል። የሞያሌው በታህሳስ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር አቢይ አህመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በተገኙበት ተመረቀ፣ የሐዋሳ ሞያሌ መንገድም አብሮ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ውጭ ያለ ሰው ብዙም የማያስበው። ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ኬንያ በግራ። ድንበሩ ላይ ሹፌሩ ጎን ይቀይራል፣ መሪው ግን ቦታውን አይቀይርም። መሪው በቀኝ ያለ የኬንያ ተሳቢ በኛ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ሲፈልግ ሹፌሩ የተቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ለማየት መኪናውን ግማሽ ድረስ ማውጣት አለበት፣ ረዳቱ ነው በመስኮት አይቶ ሂድ ቁም የሚለው። የኛም ሹፌር ወደ ማርሳቢት ሲወርድ ያው ነው። ይሄ ብቻውን ንግድ አያቆምም፣ ግን ባለመኪናው መኪናዬን እዛ ልላክ አልላክ ብሎ ሲያስብ ከሚቆጥራቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ኢንሹራንሱ ላይ ግን ጥሩ ስራ ተሰርቷል፣ ብዙ ሰው ስለማያወራለት እዚህ ማንሳት ተገቢ ነው። የኮሜሳ (የምስራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሚባል አለ፣ ስምምነቱ የተፈረመው በ1986 እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ባለመኪናው አገሩ ካለው ኢንሹራንስ ካርዱን ከገዛ የሦስተኛ ወገን መድኑ በሌሎቹ የካርዱ አባል አገሮችም ይሰራለታል፣ በየድንበሩ አዲስ መድን መግዛት የለበትም። ሰው ቢገጭ፣ ንብረት ቢጎዳ እዛ ያለው ቢሮ ጉዳዩን ይይዘዋል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሹፌሮች በደንብ ያውቁታል። የሚዛን ጉዳይ ደሞ ገና ነው፣ ኬንያ ያለችበት የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አገሮች ለትልቁ ተሳቢ 56 ቶን ጣሪያ አድርገው በህግ ደንግገዋል፣ ኢትዮጵያ የማህበረሰቡ አባል ስላልሆነች የራሷ የአክስል ሎድ (በአንድ አክስል ላይ የሚያርፍ ክብደት) ደንብ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ጫኚው የሁለቱንም አገር ሚዛን አስቦ መጫን አለበት።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ተሰርቶም የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ እቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ምክንያቱ አንዱ በቀላሉ ርቀት ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በመኪና 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሞምባሳ ከእጥፍ በላይ። በዛ ላይ ጅቡቲ መስመር ላይ ከ2018 ጀምሮ ለንግድ ክፍት የሆነው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፣ እሱም ቢሆን በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሰራ የሁለት አገር የጋራ ኩባንያ ነው፣ ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ። የሞጆ ደረቅ ወደብ፣ መልቲሞዳሉ (እቃ በአንድ ሰነድ ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ የሚመጣበት አሰራር)፣ ትራንዚተሩ፣ ባንኩ፣ ሁሉም አሰራሩን የገነባው በጅቡቲ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ይርጋጨፌ ላይ የተለቀመ ቡና የደቡቡ አስፋልት ደጁ ላይ እያለ ወደ ሰሜን ወጥቶ በጅቡቲ ነው የሚጫነው። ለአዲስ አበባና ለሰሜኑ ይሄ ልክ ነው። ለቦረና፣ ለጉጂ፣ ለጌዴኦ ግን ሌላ በር ቢኖር ይሻል ነበር፣ አንድ በር ብቻ ያለው 120 ሚሊዮን የሚያልፍ ህዝብ በዛች በር ላይ በሚፈጠር ነገር ሁሉ ሲጨነቅ ነው የሚኖረው።

ያንን ሌላ በር ለማምጣት የታሰበው ላፕሴት ነው። በመጋቢት 2012 የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊ፣ የኬንያው ምዋይ ኪባኪና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር የኬንያ ጠረፍ ላይ ባለችው ላሙ ተገኝተው አስጀመሩት፣ ወደብ፣ መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ላሙን ከኢትዮጵያና ከደቡብ ሱዳን እንዲያገናኙ ነበር እቅዱ። የላሙ የመጀመሪያው መርከብ ማቆሚያ በ2021 ተከፈተ። ባቡሩና ቧንቧው ግን ወረቀት ላይ ናቸው፣ በወደቡና በኢሲዮሎ መሀል ያለው ጋሪሳን የሚነካ አካባቢም የአልሸባብ ስጋት አለበት። ኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው አስፋልት የላፕሴትም አካል ተደርጎ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ኢትዮጵያን በተመለከተ ከላፕሴት መሬት ላይ የሚታየው ትልቁ ነገር እሱ ነው።

አጠገባችን የተሻለ የሰራ ምሳሌም አለ። ከሞምባሳ ካምፓላ የሚሄደው መስመር ላይ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አገሮች ከ2014 ጀምሮ አንድ የጉምሩክ ግዛት የሚሉትን ስራ ላይ አዋሉ፣ የኡጋንዳ ጉምሩክ ሰራተኛ ሞምባሳ ተቀምጦ የኡጋንዳ እቃ ዲክላራሲዮንና ቀረጥ እዛው ይጨርሳል፣ መኪናው መንገድ ላይ በኤሌክትሮኒክ ክትትል ነው የሚሄደው። በፊት ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስድ የነበረው ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት ወረደ። መንገዱ ብዙም አልተቀየረም፣ የተቀየረው ወረቀቱና መተማመኑ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ መሀል ያንን ለማድረግ እንቅፋቱ ሁለቱ አገሮች የሚገናኙበት የንግድ ስምምነት ቀጭን መሆኑ ነው፣ ሁለቱም የኮሜሳ አባል ናቸው፣ ኬንያ የኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ ስትገባ እኛ ግን ቀረጥ ሙሉ በሙሉ ለማንሳት ፈርተን ውጭ ቆየን። ፍርሃቱ ያለምክንያት አልነበረም፣ የኬንያ ሳሙናና ፕላስቲክ ፋብሪካ ከኛው ይጠነክራል። የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነት በ2018 ኪጋሊ ላይ ሲፈረም ግን ኢትዮጵያ ፈረመች፣ በ2019 አጸደቀች፣ ስለዚህ ከኬንያ ጋር ቀረጥ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስበት ህጋዊ መንገድ በዚህ በኩል ተገኝቷል።

ሞያሌ ላይ ያለውን ንግድ ግን ኮንቴነር ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከኢትዮጵያ በህጋዊ መንገድ የሚወጣው በብዛት ቦሎቄና የቁም እንስሳ ነው፣ ከዛ ውጪ በህጋዊው ቁጥር ውስጥ የማይገባ በጣም ብዙ እቃ አለ፣ ከብት በእግሩ፣ ልብስ፣ ዘይት፣ ሳሙና በሴቶች ጀርባና በሞተር። የጠረፍ ንግድ ፈቃድ የሚባል አሰራር ቢኖርም ጣሪያውና የሚፈቀደው እቃ ዝርዝር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ስለነበረ ሰው በቀላሉ ወደ ኮንትሮባንድ ሲገፋ ቆይቷል፣ ተይዛ እቃዋ የተወረሰባት ሴት ደሞ ካፒታሏ በሙሉ እሱ ነበር። ትልቁ ኬላ ለትልቅ መኪና ሲሰራ ለነዚህ ሰዎችም አጭር ፎርም፣ የራሳቸው መስኮት፣ በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው ሊኖር ይገባል፣ ድንበሩን በየቀኑ የሚያቋርጡት እነሱ ናቸውና።

ሰላም ከሌለ ደሞ ይሄ ሁሉ አይሰራም። በመጋቢት 2018 ሞያሌ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ሲገደሉ ብዙ ሺህ ሰው በዛው መንገድ ወደ ኬንያ ሸሽቷል፣ ከዛ በኋላም በጉጂና በቦረና በኩል በነበረው ግጭት መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ አለ። አበዳሪ ባንክ በኪሎ ሜትር ነው የሚቆጥረው፣ ሹፌሩ ግን ከመነሳቱ በፊት ስልክ ደውሎ መንገዱ እንዴት አደረ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ መልሱ ካላማረው ጭነቱን ይዞ ሐዋሳ ያድራል።